እየጠፋ ስለሚመለሰው የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት
አሮጌ ኦቶሞቢል ለሚገዙና ለሚያሠሩ ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

የደሴና የኮምቦልቻ ንግድ በጎማ ላይ የቆመ ነው። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው ዕቃ ኮምቦልቻ ይራገፋል፤ ከዚያም ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ይገባል፤ ከደሴም ወደ ሐይቅና ወደ ወልድያ፣ ወደ ኩታበርና ወደ መካነ ሰላም ይበተናል። ስለዚህ ነጋዴው ሥራው ጨርቅ መሸጥ ወይም እህል መሸመት ቢሆንም እንኳ ስለ መኪና ጥቂት ሳያውቅ ሊነግድ አይችልም። ይልቁንም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ዐዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ዕድሜው በጨመረ መጠን ታክሱ እንዲከብድ ካደረገ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት ኦቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ፣ ቀድሞ የገባው አሮጌ ኦቶሞቢል ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ እየተላለፈ ዋጋውን ይዞ ይኖራል። አራተኛ ወይም አምስተኛ ባለቤት ሆኖ መግዛት የተለመደ ነገር ሆኗል።

እንደዚህ ያለውን መኪና የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ሳምንት ከሾፌሩ ፊት ለፊት አንዲት ቢጫ መብራት በርታ ያገኛታል። የሞተር ሥዕል ያለባት፣ በጋራዥ ቋንቋ ቼክ ኢንጂን የምትባለው ናት። ወደ መካኒክ ይወስደዋል፤ መካኒኩም ስካነር ሰክቶ ኮዱን ያነባል፤ ወዲያውም ያጠፋዋል፤ መብራቷም ትጠፋለች። ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ ግን ተመልሳ ትበራለች። ነጋዴው እንደገና ይሄዳል፤ አንድ ዕቃ ይለወጥለታል፤ አሁንም ትመለሳለች። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መብራቷ የምትመለስበትን ምክንያት ገልጦ፣ ነጋዴው ገንዘቡን በከንቱ እንዳያወጣ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ማስረዳት ነው።

መብራቷ የምትታዘዘው ሞተሩን ለሚያስተዳድረው ኮምፒዩተር ነው። በአሜሪካ አገር ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በአውሮፓም ቤንዚን ለሚጠቀሙ አዲስ ኦቶሞቢሎች ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ እያንዳንዱ መኪና የጭሱን ንጽሕና ራሱ እየመረመረ ጉድለት ሲያገኝ በአንድ ዐይነት ኮድ እንዲያስታውቅ ሕግ አስገድዷል። ስካነሩ የሚሰካበት ዐሥራ ስድስት ቀዳዳ ያለው መሰኪያ ብዙውን ጊዜ ከመሪው በታች፣ ከሾፌሩ ጉልበት አጠገብ ይገኛል። ለጃፓን ገበያ ብቻ ተሠርተው በዱባይ በኩል የመጡ አሮጌ መኪኖች ግን መሰኪያው ቢኖራቸውም ርካሹ ማንበቢያ ሁልጊዜ አያነባቸውም፤ ይህን ያላወቀ ሰው «ኮምፒዩተሩ ሞቷል» ተብሎ ሌላ ኮምፒዩተር እስከ መግዛት ሊደርስ ይችላል።

ኮዱ አንድ ፊደልና አራት አኃዝ አለው። ፒ የተባለው ፊደል የሞተርና የካምቢዮ ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው አኃዝ ዜሮ ከሆነ ኮዱ ለሁሉም ፋብሪካ የጋራ ነው፤ አንድ ከሆነ የፋብሪካው የራሱ ነው። ከዚያ የሚመጣው አኃዝ ክፍሉን ያመለክታል፤ 1 እና 2 አየርና ነዳጅን፣ 3 እሳቱን፣ 4 የጭስ ማጣሪያውን፣ 7 ካምቢዮውን። ይህን ያህል ማወቅ ለነጋዴ ይበቃዋል። ከሁሉ ይልቅ ሊያውቀው የሚገባው ግን ኮድ የተበላሸውን ዕቃ ስም የሚናገር አለመሆኑን ነው። ኮምፒዩተሩ ሊናገር የሚችለው የለካውን ብቻ ነው። ፒ 0171 የሚለው ኮድ «በአየሩ ልክ ነዳጅ አንሷል» ይላል እንጂ «የኦክስጅን ሴንሰሩን ለውጥ» አይልም። በሽተኛ ትኩሳት እንዳለበት በቴርሞሜትር ቢታወቅ ቴርሞሜትሩን የሚለውጥ ሐኪም የለም፤ በጋራዥ ግን ይህ በየቀኑ ይደረጋል።

መብራቷ ጠፍታ የምትመለስበትም ምክንያት ከዚሁ የሚነሣ ነው። ኮምፒዩተሩ ጉድለቱን አንድ ጊዜ ሲያይ ብዙውን ጊዜ ወዲያው መብራት አያበራም፤ በልቡ ይመዘግበውና በሚቀጥለው ጉዞ ያንኑ እንደገና ካየ ያን ጊዜ ያበራል። ጉድለቱ በርግጥ ከተጠገነ፣ ማንም ሳይነካት፣ ሦስት ተከታታይ ጉዞ ደኅና ሆኖ ሲያልፍ መብራቷን ራሱ ያጠፋታል፤ ኮዱንም ሞተሩ 40 ጊዜ ያህል ቀዝቅዞ ከሞቀ በኋላ ከመዝገቡ ይፍቀዋል። በስካነር ማጥፋት ግን መዝገቡን መቅደድ እንጂ ዕዳውን መክፈል አይደለም። ከዚህም በላይ ከኮዱ ጋራ ሌላ ጠቃሚ ነገር ይጠፋል፤ ይኸውም ጉድለቱ በተገኘበት ደቂቃ የሞተሩ ፍጥነት፣ ሙቀት፣ ጭነትና የመኪናው ሩጫ ምን ያህል እንደ ነበረ ኮምፒዩተሩ ያስቀመጠው ማስታወሻ ነው። ይህ ማስታወሻ ሳይጻፍ ኮዱን የሚያጠፋ መካኒክ የራሱን መብራት አጥፍቶ በጨለማ የሚፈልግ ሰው ነው።

ሻጮችም ይህን ያውቁታል። መኪናውን ለገዥ ከማሳየታቸው በፊት ጧት ኮዱን ያጠፉታል፤ ወይም የባትሪውን ገመድ ለጥቂት ጊዜ ነቅለው ይመልሱታል፤ ገዥው ደሴ ፒያሳን አንድ ጊዜ ዞሮ ሲመለስ መብራቷ ገና አትበራም። ነገር ግን ተንኰሉ ምልክት ይተዋል። ኮምፒዩተሩ መዝገቡ ከጠፋበት በኋላ የራሱን ምርመራዎች አንድ በአንድ እስኪጨርስ ድረስ «አልተጠናቀቀም» ብሎ ለስካነሩ ይመልሳል። እነዚህን ምርመራዎች ለመጨረስ ቀዝቅዞ መነሣትን፣ ቆሞ መሥራትንና በአንድ ፍጥነት ረዘም አድርጎ መሄድን የያዘ የጥቂት ቀን ጉዞ ይፈልጋል። እንግዲህ ሻጩ «በየቀኑ ኮምቦልቻ እመላለስበታለሁ» እያለ ስካነሩ ከግማሽ የሚበልጡት ምርመራዎች እንዳልተጠናቀቁ ቢያሳይ፣ ከሁለቱ አንዱ እውነት አይናገርም፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ ለመዋሸት ምክንያት የለውም። ሌላው ተንኰል አምፖሏን ማውጣት ወይም ሥዕሏን በጥቁር ፕላስተር መሸፈን ነው። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ገና ሳይነሣ መብራቷ መብራት ይገባታል፤ ያን ጊዜ ካልበራች ተነክታለች ማለት ነው። ገመዷን ከባትሪ ወይም ከዘይት መብራት ጋራ አገናኝተው ሁለቱ አብረው እንዲበሩና አብረው እንዲጠፉ የሚያደርጉም አሉ፤ ስለዚህ ዐይን ብቻ አይበቃም፤ ስካነር መሰካት አለበት።

አሁን የተለመደውን ምሳሌ እንመልከት። አንድ የሸዋ በር ነጋዴ ከሌላ ነጋዴ ቶዮታ ኮሮላ ገዛ እንበል። በሳምንቱ ፒ 0171 መጣ። የመጀመሪያው መካኒክ የኦክስጅን ሴንሰር ለወጠ፤ መብራቷ በአራት ቀን ተመለሰች። ሁለተኛው ካንዴላዎቹን ለወጠ፤ ተመለሰች። ሦስተኛው የአየር መለኪያውን፣ ኤር ፍሎው የሚሉትን፣ ከሌላ መኪና በወጣ ተካ፤ ሁለት ሳምንት ቆይታ ተመለሰች። አራተኛው «የደሴ ከፍታ ነው፤ አየሩ ቀጭን ስለሆነ ነው፤ ተወው» አለው። በዚህ ጊዜ ነጋዴው ከአንድ ወር የሱቅ ኪራይ በላይ አውጥቷል፤ መኪናው ግን እንደ ቀድሞው ነው።

የአራተኛው ምክር ቆም ብሎ መመልከት የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም እውነት ይመስላል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። የአየሩ ግፊት በኮምቦልቻ ከባሕር ዳርቻው አራት አምስተኛው ያህል፣ በደሴ ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በደሴ ከኀይሉ ሩቡን ያህል ማጣቱ እርግጥ ነው። ካርቡራተር ባላቸው የጥንት መኪኖች ላይ ከፍታው የነዳጁንና የአየሩን ልክ ያዛባ ነበር፤ ነገር ግን የሚያዛባው ነዳጁን በማብዛት ነበር እንጂ በማሳነስ አልነበረም። በኮምፒዩተር የሚሠራው ሞተር ደግሞ የሚገባውን አየር በክብደቱ ይለካል፤ አየሩ ቢቀጥን ነዳጁን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ከፍታ ለመኪናው ድካም ምክንያት ይሆናል እንጂ ለፒ 0171 ምክንያት አይሆንም። ተራራውን መክሰስ ቀላል ነው፤ ተራራ መልስ አይሰጥምና።

ትክክለኛው መንገድ ስካነሩን ከኮዱ አልፎ የነዳጅ ማስተካከያውን ቁጥር እንዲያሳይ ማድረግ ነው። ይህ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ከተወሰነለት ነዳጅ ላይ ምን ያህል በመቶ እንደ ጨመረ ወይም እንደ ቀነሰ ይገልጣል። ከዜሮ እስከ ዐሥር በመቶ ወዲህና ወዲያ ቢል ብዙ አያሳስብም። በዚያ ኮሮላ ላይ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ 22 ጭማሪ፣ በደቂቃ 2,500 ዙር ሲደረግ ግን 5 ብቻ ሆኖ ቢገኝ፣ ትርጉሙ ግልጥ ነው። ከመለኪያው በኋላ ያልተለካ አየር በቀዳዳ እየገባ ነው። ቀዳዳው አንድ መጠን ስለሆነ ሞተሩ ጥቂት አየር በሚፈልግበት ጊዜ ድርሻው ትልቅ ነው፤ ብዙ አየር በሚስብበት ጊዜ ግን ድርሻው ያንሳል። ነገሩ ተገልብጦ፣ ቆሞ ሲሠራ ደኅና ሆኖ ሐረጎን ሲወጣ ጭማሪው 20 ቢደርስ፣ ያን ጊዜ የሚጠረጠረው የደከመ የነዳጅ ፓምፕ፣ የተደፈነ ፊልትሮ፣ ወይም አቧራ የለበሰ ኤር ፍሎው ነው። በአንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ መታየት አራት ዕቃ ከመግዛት ያድናል።

ቀዳዳውን ለማግኘት ጭስ የሚያስገባ ማሽን ያለው ጋራዥ ቢገኝ መልካም ነው። ከሌለ ሞተሩ ቆሞ እየሠራ በአየር ማስገቢያው ላስቲክ ቱቦና በማኒፎልዱ ጋስኬት ዙሪያ ጥቂት ውኃ በመርጫ ጠርሙስ ይረጫል፤ ውኃው በስንጥቁ ላይ ሲያርፍ የሞተሩ ድምፅ ለጊዜው ይለወጣል። ቤንዚን የሚረጩ አሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ ይህን ማድረግ መኪናውን ከነጋራዡ ማቃጠል ነው። በምሳሌአችን ኮሮላ ላይ የተገኘው ጉድለት ከአየር መለኪያው በኋላ ባለው ላስቲክ ቱቦ እጥፋት ሥር የነበረ፣ ቱቦው ካልታጠፈ በስተቀር የማይታይ ስንጥቅ ነው። ከተገዙት ሦስት ዕቃዎች ሁሉ ዋጋው የሚያንሰው እርሱ ነው።

ከፍታውን ካነሣን ዘንድ መካኒኮችን የሚያሳስት ሌላ ነገር አለ። የፋብሪካ መጻሕፍት የሞተሩን ስበት በቫኩም መለኪያ ሲገልጹ ለባሕር ወለል የሚሆነውን ቁጥር ይጽፋሉ። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ንባቡ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ሜርኩሪ ያህል ይወርዳል፤ ስለዚህ በደሴ ጤነኛ ሞተር ከመጽሐፉ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይነበባል። መጽሐፉን ብቻ የሚያምን ሰው ጤነኛውን ሞተር ሊፈታው ይችላል። ውኃም በደሴ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውኃ ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን ይዞ ስለሚያቆየው ብቻ ነው። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን በባሕር ዳርቻ ቢታገሥ በሐረጎ ላይ አይታገሥም። ነገር ግን ሞተር በጋለ ጊዜ ብዙዎች ክዳኑን በመለወጥ ፈንታ ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥሉታል። ይህ በየቦታው የሥር ሰደደ ልማድ ነው፤ ክፉ ልማድም ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በደሴ ጧት ብርድ ከሚገባው ሙቀት ሳይደርስ ይውላል፤ ኮምፒዩተሩም «ገና አልሞቀም» ብሎ ነዳጅ ያበዛለታል፤ ዘይቱ በቤንዚን ይቀጥናል፤ በመጨረሻም ፒ 0128 ይመጣል። ይህ ኮድ የወጣበት መኪና ቀርቦ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ቴርሞስታቱ ያለበት ቦታ ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ፒ 0420 ሌላው ዝነኛ ኮድ ነው። ከማርሚታው በፊት ያለው የጭስ ማጣሪያ፣ ካታሊስት የሚባለው፣ ሥራውን በሚገባ አለመሥራቱን ያስታውቃል። በውስጡ ያሉት ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ውድ ማዕድኖች ስለሆኑ ተቆርጦ ይሸጣል፤ በቦታው ባዶ ቱቦ ይበየዳል። እንዲህ የተደረገበት መኪና መብራቷን ለማጥፋት በየወሩ ሲታከም ቢኖር አይድንም፤ የሌለ ዕቃ አይጠገንምና። ገዥው ከመግዛቱ በፊት ከመኪናው ሥር ገብቶ አዲስ ብየዳ ማየት አለበት። ካታሊስቱ በቦታው ካለ ደግሞ ወዲያው አይለወጥ፤ አስቀድሞ ጭስ የሚያፈስ መገጣጠሚያ እንዳለ ይታይ፤ ዘይት የሚበላ ወይም እሳት የሚስት ሞተር አዲሱን ካታሊስት በጥቂት ወራት ያበላሸዋል።

እሳት መሳት ከ0300 እስከ 0312 ባሉት ኮዶች ይገለጣል፤ 0300 የተዘበራረቀ፣ 0301 የመጀመሪያው ሲሊንደር፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። በዚህ ጊዜ መብራቷ ቆማ ሳትበራ ብልጭ ድርግም ካለች መኪናውን ወደ ፊት መንዳት አይገባም፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ እያነደደው ነው። ምርመራው ቀላልና ያለ ወጪ ነው። ኮዱ ሁለተኛውን ሲሊንደር ከጠቆመ የሁለተኛውና የሦስተኛው ኮይል ይለዋወጥ፤ ኮዱ ተከትሎ ወደ ሦስተኛው ከሄደ ጥፋቱ የኮይሉ ነው፤ ባለበት ከቀረ ካንዴላው፣ ቀጥሎም ኢንጀክተሩና የሲሊንደሩ ግፊት ይታያል። ነዳጅ ሲጠፋ ከጀሪካን የሚገዛ ቤንዚንም መዘንጋት የለበትም፤ ውኃ ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ሞተሩን እሳት ያስታል፤ እንዲህ ያለው ኮድ የመጣበት ሾፌር አስቀድሞ የመጨረሻውን ነዳጅ ከየት እንደ ቀዳ ይጠየቅ።

ስለ አሮጌ አይሱዙ ጥቂት ቃል ይበቃል። ፓምፑ በሜካኒክ የሚሠራው መኪና እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም። ኮምፒዩተር ላላቸው ከባድ መኪኖች ደግሞ ባትሪአቸው 24 ቮልት ስለሆነ ለቤት መኪና የተሠራውን ባለ 12 ቮልት ርካሽ ማንበቢያ መሰካት ክልክል ነው።

ብዙ ኮድ ባንድ ጊዜ፣ እርስ በርሱ የማይዛመድ ሆኖ ሲመጣ ከዕቃዎቹ ይልቅ መብራት የሚያደርሳቸው ገመድ ይጠርጠር። የባትሪው ራስ ዝጎ ወይም ከባትሪው ወደ ሞተሩ አካል የሚሄደው ገመድ ላልቶ እንደ ሆነ ኮምፒዩተሩ የተሳሳተ ንባብ ያያል። ላቫጆ ላይ ሞተሩን በግፊት ውኃ ያሳጠበ ሰው በማግሥቱ መብራት ቢያይ አይደነቅ፤ ውኃው በሴንሰሮቹ መሰኪያ ውስጥ ገብቷል። ጎሚስታ ዘንድ የአየር ማጣሪያን በኮምፕሬሰር ማስነፋትም እንዲሁ ነው፤ ወረቀቱ ይቀደድና አቧራው ኤር ፍሎው ላይ ያርፋል። ለረጅም ጊዜ ቆመው የከረሙ መኪኖች፣ ለምሳሌ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ባለቤታቸው ጥሏቸው የሄዱ፣ ገመዳቸውን አይጥ በልቶት፣ ባትሪአቸው ወድቆ፣ ነዳጃቸው አርጅቶ ተገኝተዋል። እንዲህ ያለ መኪና ሲገዛ ገመዱን በእጅ ዳስሶ ማየት ከማናቸውም ስካነር ይቀድማል።

በመጨረሻም የሁለቱ ከተማ ነጋዴዎች የሌላ አገር ገዥ የማያገኘው የመሞከሪያ መንገድ አላቸው። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህም ውስጥ መኪናው 650 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ሻጩ መኪናውን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ይነገረው፤ ጧት ቀዝቅዞ ሳለ ይነሣ። ስካነሩ ተሰክቶ ቁጥሮቹ እየታዩ ሐረጎ ይወጣ፤ በአቀበቱ ላይ የደከመ ፓምፕ፣ የሚስት ኮይልና የተደፈነ ካታሊስት ይገለጣሉ። የውኃው ሙቀት ወደ 90 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ እዚያው መቆየቱ ይታይ። ሲመለሱ ቁልቁለቱን ነዳጅ ሳይረግጡ በማርሽ ይውረዱና ከታች ሲደርሱ ነዳጅ በተረገጠ ጊዜ አንድ ሰው ወደ ኋላ ይመልከት፤ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ሞተሩ በቫልቮቹ በኩል ዘይት ይስባል። ይህንንም ማንኛውም ኮድ አይናገረውም።

ንባቡ ሁሉ ከቀኑና ከኪሎ ሜትሩ ጋራ በወረቀት ተጽፎ፣ ሻጩና ገዥው ፈርመውበት ከሽያጩ ውል ጋራ ቢያያዝ ይጠቅማል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን፣ ገዥውም ዕቃውን መርምሮ ጉድለት ባገኘ ጊዜ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። መብራቷ የተመለሰችበት ገዥ ስለዚህ ከአራት ጋራዥ በኋላ ሳይሆን በዚያው ሳምንት፣ በጽሑፍ፣ የኮዱን ቁጥርና የተነበበበትን ቀን ጠቅሶ ለሻጩ ያስታውቅ፤ የደብዳቤውንም ግልባጭ ከሊብሬው ጋራ ያስቀምጥ።